ላርውድ የት ሄደ?

ጎንደር ውስጥ ክሪኬት፣ ያን በዱላና በኳስ የሚጫወቱትን የእንግሊዞች ጨዋታ፣ የሚያይ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። እኔን ያስለከፈኝ ሥራዬ ነው። ሆቴል ውስጥ የሌሊት እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ለጥምቀት ቀደም ብሎ የገባ አንድ አውስትራሊያዊ እንቅልፍ እምቢ ሲለው ባንኮኒው ላይ ተደግፎ የሲድኒን ጨዋታ በስልኩ ያይ ነበር። እዚያ ጠዋት ሲጀመር እኛ ዘንድ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። አምስት ቀን የሚፈጅ፣ መሀሉ ላይ የምሳና የሻይ እረፍት ያለው ጨዋታ! ለሌሊት ፈረቃ የተፈጠረ ነው። ባልደረባዬ ግን "ይሄ ጨዋታ ነው ሱባኤ?" ይለኛል።

እንግሊዝና አውስትራሊያ የሚሻሙት አመድ ነው። አልቀለድኩም። በ1882 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ለንደን፣ ኦቫል ሜዳ ላይ ፂማሙ እንግሊዛዊ ደብሊው ጂ ግሬስ አንድ አውስትራሊያዊ መቺ መሬቱን ሊያስተካክል ከመስመሩ ወጣ ሲል ጠብቆ እንጨቶቹን በኳስ ነካና ከጨዋታ አስወጣው። ሕጉ ይፈቅዳል። ነውሩ ግን ነውር ነው። እንግሊዞች ለማሸነፍ 85 ሩጫ ብቻ ይበቃቸው ነበር፤ ሩጫ እዚያ ነጥብ ነው። ፍሬድ ስፖፎርዝ የተባለው አውስትራሊያዊ ኳስ ወርዋሪ በንዴት ጦፎ ገባና እንግሊዞቹ 77 ላይ አለቁ። አንድ ጋዜጣ "የእንግሊዝ ክሪኬት ሞቷል፣ አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ ወደ አውስትራሊያ ይሄዳል" የሚል የቀልድ መርዶ አወጣ። ቀጥሎ አውስትራሊያ የሄደው የእንግሊዝ አምበል አይቮ ብላይ "አመዱን ላመጣ ነው" ብሎ ተነሣ። እዚያም ወይዛዝርት ትንሽ የአመድ መያዣ ሸክላ ሰጡት። ቁመቷ 11 ሳንቲ ሜትር ገደማ ናት። አውስትራሊያ ብታሸንፍም መኖሪያዋ ለንደን፣ ሎርድስ የተባለው የክሪኬት ሜዳ ነው።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን አውስትራሊያ ውስጥ የተደረገው የ1932/33ቱ ፍልሚያ ነው። አውስትራሊያዊው መቺ ዶን ብራድማን በ1930 እንግሊዞቹ ላይ በአምስት ግጥሚያ 974 ሩጫ ቆልሎባቸው ነበር። የእንግሊዙ አምበል ዳግላስ ጃርዲን መላ ዘየደ፦ ኳሷ ወደ መቺው አካል ትወርወር! ሃሮልድ ላርውድ፣ ድሮ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ የነበረው ፈጣን ወርዋሪ፣ ታዘዘ፤ ወረወረ። አደሌድ ከተማ ላይ የአውስትራሊያው አምበል ቢል ውድፉል ደረቱን ተመታ። በርት ኦልድፊልድ የራስ ቅሉ ተሰነጠቀ። የሁለቱ አገር የክሪኬት አለቆች በቴሌግራም ተጋጩ። እንግሊዝ 4 ለ 1 አሸነፈች።

እኛ ገና ስንጫወት ዱላውም ስድቡም አለ፤ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ይባላል። እዚያ ግን ጌቶቹ ተቆጡ፤ ዕዳውን የከፈለው ታዛዡ ነው። ላርውድን ይቅርታ ጠይቅ አሉት። እምቢ አለ። ለእንግሊዝ ዳግመኛ አልተጫወተም። ያዘዘው ጃርዲን ግን ወዲያው ሕንድ የሄደውን ቡድን መርቷል። ላርውድ በ1950 ቤተሰቡን ይዞ የት ሄደ? አውስትራሊያ! በኳስ የደበደባቸው ሰዎች ተቀበሉት፤ ኖሮ ኖሮ እዚያው ሞተ።

ሌላውን ማንም ይነግራችኋል። ብራድማን በ1948 የመጨረሻ ጨዋታው ላይ 4 ሩጫ ቢያገኝ የዕድሜ ልክ አማካይ ሩጫው 100 ይሞላ ነበር፤ በዜሮ ወጣ። በ1981 እንግሊዛዊው ኢያን ቦተም አበቃለት የተባለውን ጨዋታ ገለበጠ። በ2005 ኤጅባስተን ሜዳ ላይ እንግሊዝ በ2 ሩጫ ብቻ አሸነፈች።

በ2023 ደግሞ ሎርድስ ላይ እንግሊዛዊው መቺ ጆኒ ቤርስቶው የዚያ ኳስ ጨዋታ ያበቃ መስሎት ከመስመሩ ወጣ። አውስትራሊያዊው አሌክስ ኬሪ ኳሱን ወርውሮ እንጨቱን መታበትና ከጨዋታ አስወጣው። ተጫዋቾቹ ለምሳ ሲገቡ ክራባት ያሰሩ፣ የሜዳው ባለቤት የሆነው ክበብ አባላት አዳራሹ ውስጥ ጮኹባቸው። ጌቶቹ ዘንድሮም ይቆጣሉ! ክበቡ ይቅርታ ጠይቆ ሦስት አባላት አገደ። አንድ እንግሊዛዊ እንግዳ የኬሪን ነገር አንስቶ "ነውር ነው" ሲለኝ "እሺ፣ እንግዲያው ከግሬስ እንጀምር" አልኩት። ሻይ አዘዘ።