የዛፍ ሽበት ለቃሚዎች

የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ 17 ዓመት ሞላኝ። ስንት ሊትመስ ወረቀት ቆርጬ ለተማሪ እንዳደልኩ እግዜር ይወቀው። በሎሚ ቀይ፣ በሳሙና ውሃ ሰማያዊ። ቀለሙ ከምን እንደሚሠራ የጠየቀኝ ተማሪ የለም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም ነበር። ባለፈው ክረምት መብራት በሚጠፋበት ሰሞን ስልኬ ላይ ሳነብ ነው የደረስኩበት፦ ከጥንት ጀምሮ የሚወጣው ከላይከን ነው። ላይከን ማለት ያው የእኛው የዛፍ ሽበት፣ የድንጋይ ሽበት ነው።

ጅማ ለሚኖር ሰው ሽበት ብርቅ አይደለም። ወደ ጅሬን ስትወጡ ከመንገዱ ዳር ያሉት ዋንዛዎች ግንዳቸው አመድማ ነው። የእናቴ ጓሮ ያሉት የቡና ዛፎች ደግሞ ከሰው በፊት አርጅተዋል። ክረምት ሲገባ ግድግዳው ላይ የሚወጣው ለስላሳ አረንጓዴ ነገር ግን ሌላ ነው። መጽሐፉ ሞስ ይለዋል፣ እናቴ "የግድግዳ ሱፍ" ትለዋለች። ሞስ ሥር የሌለው ይሁን እንጂ ተክል ነው። ላይከን ግን ፈንገስና አልጌ አንድ ጎጆ ውስጥ የሚኖሩበት ነገር ነው፤ ፈንገሱ ቤቱን ይሠራል፣ አልጌው ከፀሐይ ምግብ ያበስላል።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ የማነበው እነዚህን ሲያጠኑ ዕድሜያቸውን ስለጨረሱ ሴቶች ነው። ሁሉንም አልዘረዝርም። ከልቤ ያልወጣችው ኤልሳቤጥ ብሪተን ናት።

እ.ኤ.አ. በ1858 ኒው ዮርክ ተወለደች። ቤተሰቧ ኩባ ውስጥ የሸንኮራ እርሻ ስለነበረው ልጅነቷን በከፊል እዚያ አሳለፈች። በ1885 ናትናኤል ብሪተን የሚባል ሰው አገባች፤ ኋላ የኒው ዮርክ እፅዋት ማዕከል የመጀመሪያ ዳይሬክተር የሆነው እሱ ነው። በ1888 ሁለቱ ለንደን ያለውን የኪው እፅዋት ማዕከል ጎበኙና ለኒው ዮርክም እንዲህ ያለ ይኑረው ብለው ተነሡ፤ በ1891 ተቋቋመ። ባልየው ደመወዝተኛ ሆነ። እሷ ኒው ዮርክ ያለውን የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲን የሞስ ስብስብ ስትጠብቅም፣ ማዕከሉ ውስጥ ስትሠራም ምንም አልተከፈላትም። በ1912 የሞስ ክፍል "የክብር" ኃላፊ አሏት። የክብር ማለት የነፃ ማለት እንደሆነ ደሞዝ ጠባቂ ሁሉ ያውቃል። 346 ጽሑፍ አሳትማለች። ብሪዮብሪቶኒያ የሚባለው የሞስ ወገን ስሙን ያገኘው ከእሷ ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ፖስታው ነው። ሞስ እንደሌላው ተክል ወረቀት ላይ ተጣብቆ አይቀመጥም። አንድ ወረቀት ታጥፎ እንደ ፖስታ ይሆናል፣ የደረቀው ሞስ እውስጡ ይገባል፣ ከላይ ስሙ፣ ቦታው፣ ቀኑና የለቀመው ሰው ይጻፋል። አስተጣጠፉን አይቼ ሳቅኩ፤ የሰፈራችን ባለ ሱቅ የአምስት ብር ቅመም የሚቋጥርበት ዓይነት ነው፣ ጆሮው ብቻ ይለያል። ይህ ደረቅ ነገር ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ ሙቅ ውሃ ጠብ ሲደረግበት የተኮማተረው ቅጠሉ ይፈታል፣ በማይክሮስኮፕ ልክ እንደ ትኩስ ይታያል። ከግድግዳችን የላጥኩትን ሦስት ሳምንት አድርቄ ሞከርኩት። ከሻይ ጀበናው በጠብታ ወሰድኩ። ልጄ "እማ፣ ተነሣ!" ብላ ጮኸች።

ከፖስታው ላይ ያለው "የለቀመው" የሚለው መስመር ነው እኔን የነካኝ። ጅማ ውስጥ ለቃሚ ሲባል ቡና ለቃሚ ነው፣ እሷም ብትሆን በኪሎ ይከፈላታል። ከ9 ዓመት በፊት ለአንድ ጥናት ሁለት ክረምት ጫካ ገብቼ ናሙና ለቅሜያለሁ፤ አልቅት ነክሶኛል፣ ቡት ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀርቷል። መለያውን ሁሉ የጻፍኩት በእጄ ነው። ጽሑፉ ሲወጣ ስሜን ፈለግኩ። መጨረሻ ላይ "የቤተ ሙከራ ሠራተኞችን እናመሰግናለን" ይላል። ሠራተኞቹ እኔ ብቻ ነበርኩ።

እንግዲህ አኒ ሎሬይን ስሚዝን ሳነብ የተናደድኩት ለሷ ይሁን ለራሴ አልለይም። የላይከን ሊቅ ነበረች፣ እንግሊዝ አገር። የምትሠራበት ብሪቲሽ ሙዚየም ሴት በይፋ ስለማይቀጥር የሚከፈላት ከልዩ ፈንድ ነበር። በ1921 "ላይከንስ" የሚለውን መጽሐፍ አሳተመች፤ ለብዙ ዓመት የመስኩ ማስተማሪያ ሆኖ ቆየ። ከዚያ በፊት በ1897 ቢያትሪክስ ፖተር፣ ኋላ የልጆች መጻሕፍት ደራሲ የሆነችው፣ ስለ ፈንገስ ዘር አበቃቀል የጻፈችውን ሊንየን ለሚባለው የለንደን የተፈጥሮ ሳይንስ ማኅበር አቀረበች። አቀረበች ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ሴት ስብሰባው ላይ ስለማትገባ ወንድ ነው ያቀረበላት። ጽሑፉ ሳይታተም ጠፍቶ ቀረ። ማኅበሩ የመጀመሪያዎቹን ሴቶች አባል አድርጎ የመረጠው በ1904 ነው፣ ስሚዝ አንዷ ናት።

ባለፈው እሑድ እናቴ ቤት ሄድኩ። ላይከን የሚለዩበት አንዱ ዘዴ በረኪና ነው፤ አዎ፣ የልብስ በረኪና። ኒላንደር የተባለ ፊንላንዳዊ በ1866 ያመጣው ዘዴ ነው። ሽፋኑን በምላጭ ፋቅ አድርጎ እነጩ ሥጋው ላይ ጠብ ማድረግ ነው፤ አንዳንዱ ይቀላል፣ ሌላው ዝም ይላል። ከዋንዛው ሦስት ዓይነት ለቀምን።

"አንቺ ልጅ፣ ይሄን ሽበት ለማን ነው?" አለች እናቴ።

"ለራሴ ነው እማዬ።"

"ለራስሽ! ጎረቤት ሲያይሽ ምን ይላል? ጥንቆላ ጀመረች ነው የሚለው።"

ሁለቱ ዝም አሉ። ሦስተኛው፣ እንደ ጎመን ቅጠል ሰፊው፣ ጠብታው ሲነካው ወዲያው ደም መሰለ። እናቴ አጎንብሳ አየችና ጠርሙሱን ነጥቃኝ ራሷ ደግማ አንጠበጠበች። ቀሚሷ ላይም ተረጨ፣ ያ ቦታ አሁን ነጭ ሆኗል፤ "ባንቺ የተነሣ ነው" ትላለች፣ ደጋግማ ታሳያለች።

ማታ ፖስታ አጠፍኩ። ከዋንዛ ግንድ፣ ጅማ፣ በበረኪና የሚቀላ ብዬ ጻፍኩ። ስሙ የሚለውን ባዶ ተውኩት፣ ገና አላወቅኩትም። ለቃሚ የሚለው ላይ የእናቴን ስም ከነአባቷ አስቀድሜ፣ የራሴን ከሥሩ።