ግቢያችን ውስጥ ያለው ቲ-55

ግቢያችን የገባ ሰው ሁሉ ከብረት የምሠራውን የቲ-55 ታንክ ሞዴል አይቶ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ይተኩሳል እንዴ?» ብሎ ነው። አይተኩስም። አፈሙዙ ሁለት ሦስት ሴንቲ ያህል ተበስቷል፤ ከዚያ ወዲያ ድፍን ብረት ነው። ሆን ብዬ ነው እንደዚያ ያደረግኩት። በዚህ ጊዜ ቤቱ ውስጥ ክፍት የብረት ቱቦ በመድፍ ቅርጽ አስቀምጦ ለመጣ ለሄደው ማስረዳት የሚፈልግ ካለ ይቅናው። የኔ ታንክ ሥራው መሄድ ነው።

ደግሞም እኔን ከድሮ ጀምሮ የሚገርመኝ መድፉ አይደለም። እውነተኛው ታንክ፣ 36 ቶን የሚመዝን ብረት፣ የታረሰ ማሳ ላይ ሳይሰምጥ ማለፉ ነው። ምስጢሩ ሰንሰለቱ ነው። ክብደቱን መሬት ላይ ዘርግቶ ስለሚያሳርፈው አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ የሚያርፈው 0.8 ኪሎ ገደማ ነው። የቤት መኪና ጎማ እንኳን ሁለት ኪሎ አካባቢ ይጫናል። ስለዚህ ይሄ ጽሑፍ በአብዛኛው ስለ ሰንሰለት ነው። መድፍ ለሚወድ ጥቂት መስመር አስቀምጫለሁ።

በሙያዬ ቶርኖ ሠራተኛ ነኝ። ቀን የሰው ሻፍት እሠራለሁ፣ የፍሬን ታምቡር አስተካክላለሁ። ማታና እሁድ ደግሞ ሰርቪስ ቤታችን ውስጥ ባለችው ሞርሳና ግራይንደር የራሴን እሠራለሁ። ቶርኖ የግድ የሚለውን ዕቃ ብቻ ከሥራ ሰዓት በኋላ ባለቤቱን አስፈቅጄ ሱቁ አወጣዋለሁ። መብራት ሲጠፋ ሊማ አለ።

መጠኑ 1 ለ 10 ነው። ውጭ አገር የሚወዱት 1 ለ 16 ነው፤ ትልቅ የሚፈልጉት ደግሞ 1 ለ 6 ይሠራሉ። አርሞርቴክ የሚባል የእንግሊዝ ድርጅት የ1 ለ 6 ታንክ ከብረት ተቆርጦ የተዘጋጀ ዕቃ ይሸጣል፤ ገዝተህ ትገጣጥመዋለህ። ገንዘቡ ላለው ጥሩ ነው። እኔ 1 ለ 10 ያልኩት ስሌቱ ስለሚቀል ነው፤ ነጥቧን አንድ ቤት ወደ ግራ መግፋት ብቻ። የእውነተኛው ቀፎ (ያለ መድፉ አካሉ) ርዝመቱ 6.45 ሜትር ነው፤ ለእኔ 64.5 ሴንቲ። ወርዱ 3.27 ሜትር ነው፤ ለእኔ 32.7 ሴንቲ። መድፉ ወደፊት ሲዞር አጠቃላይ ርዝመቱ 9 ሜትር የነበረው 90 ሴንቲ ይሆናል። በበር ይገባል።

ሰው የሚያደናግረው ክብደቱ ነው። ርዝመት፣ ወርድና ቁመት እያንዳንዳቸው ለአስር ሲካፈሉ ክብደቱ ለሺህ ይካፈላል። 36 ቶን 36 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። ያም ቢሆን የብረቱን ውፍረት ሁሉ በልኩ ከጠበቅኩ ነው። የእውነተኛው የፊት ብረት 100 ሚሊ ስለሆነ እኔ 10 ሚሊ መጠቀም ነበረብኝ። 10 ሚሊ ብረት ዛሬ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። 2 ሚሊ ላሜራ ነው የተጠቀምኩት፤ ወለሉን ብቻ 3 አደረግኩት።

ለምን ቲ-55? ዩቲዩብ ላይ ሁሉም ሰው የጀርመኑን ታይገር ይሠራል። ታይገር ያምራል፤ ግን እኔ ታይገር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ቲ-55 የኛን አገር አፈር የረገጠ ታንክ ነው። ሶቪየቶች በ1958 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ማምረት ጀመሩ፤ በኋላ ፖላንድና ቼኮዝሎቫኪያም ሠርተውታል። ከታላቅ ወንድሙ ከቲ-54 ጋር ሲደመር በዓለም ላይ በብዛት የተመረተ ታንክ ነው ይባልለታል። ወደኛ በብዛት የመጣው በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ፣ ሶቪየቶች ፊታቸውን ከሶማሊያ ወደኛ ሲያዞሩ ነው። ዚያድ ባሬም የታጠቀው ያንኑ የሶቪየት ታንክ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየጦርነቱ አለ። ወደ ሰሜን የተጓዘ ሰው መንገድ ዳር ዝጎ የቆመ ታንክ ማየቱ አይቀርም። ልጆች ይጫወቱበታል፣ ፍየል ይወጣበታል።

የኔ ትዝታ ግን አዲስ አበባ ነው። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ከደርግ በማረካቸው ታንኮች ከተማ ሲገባ ልጅ ነበርኩ። እናቴ ከቤት አላስወጣችኝም፤ የደረሰኝ ድምፁ ብቻ ነው። በኋላ ስንወጣ አስፋልቱ ላይ ሰንሰለቱ የነከሰው ምልክት ነበር። እኩል እኩል፣ በመስመር። የጎረምሶቹ ወሬ ስለ መድፍ ነበር። እኔ ያንን ምልክት በእግሬ እየተከተልኩ ነበር።

እናቴ እስከ ዛሬ ይሄን ነገር አልወደደችውም። «የሚሠራ ነገር ጠፍቶ ነው?» ትለኛለች። ታናሽ ወንድሟ ጦር ሜዳ ሄዶ አልተመለሰም። አልከራከራትም። እሷ ስትመጣ ሸራ አለብሰዋለሁ፤ እሷም ሸራውን አይታ ዝም ትላለች።

ሁለት ቤት አልፎ የሚኖሩ ጡረተኛ ጎረቤት አሉን፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። በቀድሞው ሠራዊት የዚሁ የቲ-55 አጉራሽ (መድፉ ውስጥ ጥይት የሚከቱ) ነበሩ። መጀመሪያ ሊያዩት የመጡ ቀን ወደ መድፉ ዞር አላሉም። ጎንበስ ብለው ጎማዎቹን ቆጠሩ። አንደኛውና ሁለተኛው መካከል መዳፋቸውን ከተቱና «እ፣ አውቀኸዋል» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቲ-55 በየጎኑ አምስት ትልልቅ ጎማ አለው። ከፊተኛው ቀጥሎ ሰፋ ያለ ክፍተት አለ፤ የቀሩት አራቱ ተጠጋግተው ይቆማሉ። ተከታዩ ቲ-62 ላይ ክፍተቱ ወደ ኋላ ሄዷል፤ የሚራራቁት የኋለኞቹ ጎማዎች ናቸው። ታንኩ ተቃጥሎ፣ መድፉ ተነቅሎ፣ ላዩ ሁሉ ተዘርፎ እንኳን ጎማው ካለ ምን እንደነበር ይታወቃል። መንገድ ዳር ስታዩት ይሄን ሞክሩት።

ጋሼ ከዚያ ወዲህ ተቆጣጣሪዬ ሆነዋል። ቡና ይዘው ይመጣሉ፣ በርጩማ ይስባሉ፣ ያርማሉ። ውስጡ እንዴት ጠባብ እንደሆነ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ሾፌሩ ፊት ለፊት በግራ ነው። ተኳሹና አዛዡም ከመድፉ ግራ፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ። አጉራሹ ብቻውን በቀኝ ነው። በቀኝ መቆም ማለት መድፉ በግራ እጅህ በኩል ነው ማለት ነው። የ100 ሚሊ ጥይት 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። «አንተ ቶርኖ ቤት 30 ኪሎ በግራ እጅህ ገፍተህ ታውቃለህ? ያውም መሬቱ እየሄደብህ?» አሉኝ። አላውቅም ጋሼ።

ወደ ሰንሰለቱ ልምጣ። ዓይን የምለው በፒን የሚቀጣጠለውን እያንዳንዱን የሰንሰለት ቁራጭ ነው። በአንድ ጎን 90 ዓይን አለው፤ ሁለቱ ጎን 180። እውነተኛው አንድ ዓይን 58 ሴንቲ ይሰፋል፤ ከፒን እስከ ፒን 13.7 ሴንቲ ነው። ለእኔ 58 ሚሊ በ13.7 ሚሊ ማለት ነው። አንዱን አሳምሮ መሥራት የማንም ሥራ ነው። ጣጣው 180ውን አንድ ዓይነት ማድረግ ነው። አንዱ ዓይን በግማሽ ሚሊ ከረዘመ በ90 ሲባዛ 45 ሚሊ ይሆናል። ይሄ ከሦስት ዓይን በላይ ትርፍ ነው። ሰንሰለቱን የሚስበው ጥርሳም ጎማ ደግሞ ይሉኝታ የለውም፤ ጥርሱ ቀዳዳውን ካላገኘ ሰንሰለቱ ላዩ ላይ ወጥቶ ይዘላል።

ስለዚህ ከሰንሰለቱ በፊት ፎርማ ሠራሁ። ወፍራም ብረት ላይ ሁለት ዘንግ በ13.7 ሚሊ ርቀት ተከልኩ። የፍሬን ዘይት የሚሄድበትን ቀጭን የብረት ቱቦ ከሶማሌ ተራ ገዝቼ በአጫጭሩ ቆራረጥኩ። ቁራጮቹን ዘንጎቹ ላይ እሰካለሁ፣ በላዩ የተቆረጠውን ላሜራ አስቀምጣለሁ፣ በነጥብ በነጥብ እበይደዋለሁ። መሃሉ ላይ ሰንሰለቱን በጎማዎቹ መካከል የሚመራ ቀንድ አለ፤ እሱ መጨረሻ ይገባል። በጣም አሰልቺ ሥራ ነው። ልጄ ማታ ማታ ሬዲዮ ከፍቶ ቁራጮቹን በሊማ እያጸዳ ባያግዘኝ ኖሮ እስካሁንም ሰንሰለት ላይ ነበርኩ።

አሁን የምወደው ክፍል መጣ። ፒኑ ሚስማር ነው። ተራ የአናጢ ሚስማር፣ ጭንቅላቱ ያለው። ያየ መካኒክ ሁሉ «በሌላኛው ጫፍ ምን ያዘው?» ይለኛል። ምንም አልያዘውም። የእውነተኛው ቲ-55ም ፒን እንደዚያው ነው፤ ዳዶ የለውም፣ መቆለፊያ የለውም። ጭንቅላቱ ወደ ውስጥ፣ ወደ ቀፎው በኩል ነው። ሲሄድ ሲሄድ ፒኑ ወደ ውስጥ መውጣት ይጀምራል። ከኋላ ጥርሳሙ ጎማ አጠገብ ቀፎው ላይ የተበየደች ብረት አለች። የወጣ ፒን እዚያ ሲደርስ ጭንቅላቱ ይመታና ወደ ቦታው ይመለሳል። በቃ። ታንኩ እየሄደ ራሱን ይጠግናል። የኔም ላይ ያችን ብረት በልኳ በየድኩ፤ ትሠራለች። ግቢው ውስጥ ሲሄድ የወጣ ሚስማር ካለ ቀጭ፣ ቀጭ ሲል ይሰማል። ያንን ያሰበውን ሰው ባገኘው ምሳ እጋብዘው ነበር።

ሌላም አለ። ቲ-55 ሰንሰለቱን ከላይ የሚደግፉ ትንንሽ ጎማዎች የሉትም። ሰንሰለቱ ሲመለስ ትልልቆቹ ጎማዎች ላይ ተኝቶ ነው፤ በመካከሉ ይረግባል። በፕላስቲክ የሚሠሩ ሰዎች ይሄን ርጋብ ለማምጣት በማስቲሽ ወደ ታች ያጣብቃሉ። ብረት ሲሆን ምንም አታደርግም። ክብደቱ ራሱ ያረግበዋል። ለዚህ ብቻ ስል ብረት ይሻላል እላለሁ፤ ፕላስቲክ የሚወዱ ይቅር ይበሉኝ።

ጎማዎቹን የተሸከመው ባሌስትራ ሳይሆን ቶርሽን ባር ነው። ወለሉ ሥር ከጎን ወደ ጎን የተዘረጋ ብረት ነው፤ ጎማው ሲነሳ ይጠመዘዛል። እዚህ ላይ ነጥብ መግፋት አይሠራም። ባሩን በልኩ ብታሳንሰው ለክብደቱ አስር እጥፍ ይደርቃል፤ ታንኩ ድንጋይ ላይ ሲወጣ አይተጣጠፍም፣ ይንገዳገዳል። ክብደት በሺህ ሲቀንስ የባሩ ጥንካሬ እንደዚያ አይቀንስማ። ስለዚህ ከልኩ በጣም የቀጠነ የሞላ ሽቦ ነው የከተትኩት። ወለል ሥር ስለሆነ አይታይም። ጋሼ ግን ያውቃሉ።

ቀፎውን ለመበየድ ሁለት ነገር ብቻ ልበል። 2 ሚሊ ላሜራ ላይ ረጅም ብየዳ ከሄድክ ፀሐይ ላይ እንደተረሳ ቆዳ ይጠማዘዛል። አጭር ነጥብ፣ ከዚያ በተቃራኒው በኩል ሌላ ነጥብ፣ ከዚያ ሻይ። ሁለተኛው የፊቱ ብረት ተዳፋት ነው። ከቁም መስመር በ60 ዲግሪ ጋደል ይላል። ለመልክ አይደለም፤ 100 ሚሊ ብረት በዚያ መጠን ሲጋደል ከፊት የሚመጣ ጥይት በቀጥታ መብሳት ያለበት 200 ሚሊ ይሆናል። ብረት ሳይጨምሩ ውፍረት መጨመር ነው።

ላዩ ላይ የሚዞረው፣ መድፉን የያዘው ቆብ አስቸጋሪ ነበር። የእውነተኛው ዙሪያ በቀለጠ ብረት ተቀርጾ የወጣ ነው፤ ድቡልቡል ነው። ምን አለሽ ተራ ስዞር የከባድ መኪና የፍሬን ንፋስ ማጠራቀሚያ አገኘሁ። የጫፉ ክዳን ጎበጥ ያለ ነው፤ ስፋቱም ይቀራረባል። ቆርጬ በመዶሻ አስተካከልኩት። (የጋዝ ሲሊንደር እንዳትሞክሩ። ባዶ ነው የተባለም ቢሆን።) ከዚያ ላዩን በኤሌክትሮድ ነካ ነካ አድርጌ፣ በግራይንደር ግማሹን አነሳሁት። የቀረው ሻካራ መልክ የቀለጠ ብረት መልክ ነው። ስቱኮ አልነካውም።

መድፉም ይኸውና። ድፍን ክብ ብረት፣ በቶርኖ የወጣ፣ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ። ረጅምና ቀጭን ስለሆነ መሃሉ ላይ ድጋፍ ካላገኘ ይርገበገባል። አፈሙዙ ላይ ያለው ወፈር ያለ ቀለበት የባሩድ ጭስ ወደ ሰዎቹ እንዳይመለስ የሚያደርግ ነው። አበቃ።

የሚያስኬዱት ሁለት የመኪና የዝናብ መጥረጊያ ሞተሮች ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ጎን አንድ፣ 12 ቮልት። አንዱን ስታቆመው ወደዚያ ይዞራል። ጥርሳሙ ጎማ 13 ጥርስ አለው፤ በአንድ ዙር 13 ዓይን ይስባል፣ 18 ሴንቲ ገደማ። ሞተሩ በደቂቃ 50 ጊዜ ቢዞር 9 ሜትር ሄደ ማለት ነው። ኤሊ ነው። እውነተኛው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ የኔ በልኩ 5 ኪሎ ሜትር መሄድ ነበረበት፣ ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። ልጆቹ ቅር ብሏቸዋል። እኔ ግን ፈጣን ሞተር አልገዛም፤ ቀስ ሲል ነው እያንዳንዱ ዓይን ጥርሱ ላይ ሲቀመጥ የሚታየው።

የቀረኝ የሞተሩ ክዳን ነው። ቲ-55 ላይ 12 ሲሊንደሩ ናፍጣ ሞተር በአግድም ነው የተቀመጠው፤ በላዩ የአየር ማስገቢያ ወንፊቶች አሉ። ኢንተርኔት ላይ ያለው ሥዕል ሁሉ ከጎን ነው፤ ጋሼም «እኔ እዚያ ላይ እንጀራ እየበላሁ ተቀምጬበታለሁ እንጂ አልለካሁትም» አሉኝ። ስለዚህ መንገዳችሁ ታንክ ወዳለበት ከሆነና የኋላው ክዳን ያልተዘረፈ ካገኛችሁ፣ ከላይ ወደ ታች ፎቶ አንሱልኝ። ውስጡ አትግቡ፣ ዙሪያው የወደቀ ነገርም አትንኩ፤ ያልፈነዳ ጥይት ሊኖር ይችላል። ልኩን እንዳውቅ አጠገቡ እስክሪብቶ ወይም የውሃ ላስቲክ አስቀምጡ። ቢደበዝዝም ችግር የለም።