ተቆፍሮ የሚከርም መንገድ፦ የመሀል ከተማ ሥራ የት ላይ ነው የሚታሰረው?

ደብረ ማርቆስም ይሁን ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላምም ይሁን ሞጣ፣ የመሀል ከተማ ሰው ምሬት ይመሳሰላል። መንገዱ ይቆፈራል፣ ገመድ ይወጠርበታል፣ ማሽኑ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል፣ ክረምት ይገባል። ሱቅ ደጃፍ የተከመረው አፈር ጭቃ ይሆናል፣ ባጃጁ በሌላ ሰፈር እየዞረ ዋጋ ይጨምራል፣ ደንበኛም በሳንቃ መሻገር ሲሰለቸው ሌላ ቦታ መግዛት ይለምዳል። ማዘጋጃ ቤት ሄዶ የጠየቀ ሰው «ኮንትራክተሩ ነው ያጓተተው» ይባላል፤ ኮንትራክተሩን የጠየቀ ደግሞ «ክፍያ አልተለቀቀልንም» ይባላል።

ሁለቱም መልሶች ብዙ ጊዜ እውነትነት አላቸው። ችግሩ ግን የተፈጠረው ከዚያ በፊት፣ ያልተዘጋጀ ሳይት፣ ማለትም የሥራ ቦታ፣ ለኮንትራክተሩ ተሰጥቶ ርክክብ የተፈረመ ዕለት ነው። ነዋሪው መጮህ ያለበትም ያኔ ነው። አፈሩ ከተነሣ በኋላ የሚሰማ ጩኸት ማሽን አያስመልስም።

የቀን መቁጠሪያውን እንይ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። በጀቱ ሐምሌ ላይ ጸደቀ እንበል። ነሐሴና መስከረም የጨረታ ሰነድ ሲዘጋጅ ያልፋል። ጨረታው አንድ ወር ያህል ይቆያል፤ የተጫራቾቹ የብቃት ሰነድ (ቴክኒካሉ) ይገመገማል፣ የዋጋ ሰነዱ (ፋይናንሻሉ) ይከፈታል፣ ቅር ያለው ተጫራች ካለ አቤቱታው ይታያል፣ ውል ይፈረማል። ሁሉ ነገር በሰላም ከሄደ ኅዳር መጨረሻ ወይም ታኅሣሥ ሆኗል። ማሽን ለማጓጓዝ፣ የሰሌክት (ለሙሌት የሚመረጥ ጠጠራማ አፈር) እና የድንጋይ ካባ ለማስፈቀድ፣ ሠራተኛ ለመቅጠር አንድ ወር ይጨመርበት። ስለዚህ አካፋው መሬት የሚነካው ከጥምቀት በኋላ ነው። የጎጃም ዝናብ ሰኔ ላይ ይጠነክራል፤ በመጋቢትና በሚያዝያም መሀል መሀል ይጥላል። የቀረው ደረቅ ጊዜ አራት ወር ተኩል ቢሆን ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር የመሀል ከተማ መንገድ ከነዲቹ (ከነጎርፍ መውረጃ ቦዩ) ማውጣት ይቻላል፤ ከሥሩ ምንም ያልተነሣ ቧንቧ፣ ከጠርዙ ምንም ያልተነሣ ምሰሶ ከሌለ።

ዲዛይኑንና የሥራ ዝርዝሩን ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ የጨረሰ ከተማ ግን ጨረታውን ሐምሌ ላይ አውጥቶ መስቀል እንዳለፈ አፈር ማንሣት ይችላል። ስምንት ወር ደረቅ ጊዜ ያገኛል። ልዩነቱን የሚያመጣው ብር ሳይሆን የወረቀት ሥራው የሚያልቅበት ወር ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ከመሬት በታች ያለው ነው። የድሮው የውሃ መስመር በየት በኩል እንደሚያልፍ ትክክለኛ ካርታ የሌለው ሰፈር ብዙ ነው፤ የሚያውቀው ሰው ጡረታ የወጣው የቧንቧ ሠራተኛ ብቻ ሊሆን ይችላል። (እሱን ፈልጎ አንድ ቀን የውሎ አበል መክፈል ከማንኛውም መሣሪያ ይረክሳል።) ኤክስካቫተሩ ቧንቧውን ሲበጥሰው ሰፈሩ ውሃ ያጣል፤ ለመንገዱ ደግሞ ከዚያ የሚብስ ነገር ይመጣል። የተቆፈረው አልጋ ውሃ ይሞላል፣ ሥረ መሬቱ ይርሳል፣ እስኪደርቅ ሮለር አይገባበትም። የረሰረሰውን አፈር አውጥቶ በሌላ መተካት ደግሞ በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ተጨማሪ ሥራ ነው፤ ተጨማሪ ሥራ ደብዳቤ ይጠይቃል፣ ደብዳቤው ፊርማ ይጠብቃል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ማሽን ከመግባቱ በፊት በየ50 ሜትሩ መንገዱን አቋርጦ በእጅ የሚቆፈር፣ ከ1 ሜትር እስከ 1.20 ሜትር የሚጠልቅ የሙከራ ጉድጓድ። ጥቂት የቀን ሠራተኞች የአንድ መንገድ ሊጨርሱ ይችላሉ።

የኤሌክትሪክ ምሰሶ ሌላው ማነቆ ነው። ምሰሶ በቃል አይነሣም። ከተማው ደብዳቤ ይጽፋል፣ ባለሙያ መጥቶ ያያል፣ ግምት ይሠራል፣ ከተማው ይከፍላል፣ ከዚያ ምሰሶውና ሽቦው ከመጋዘን መገኘት አለበት፣ ከዚያ መብራት የሚጠፋበት ቀን ይያዛል። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ሌላው ይቆማል። ክፍያው ከዘገየ ዋጋው ስለሚለወጥ ግምቱ እንደ አዲስ ይሠራል። አስፋልት ተነጥፎ ምሰሶው መሀሉ ላይ ቆሞ የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው። የስልኩ ፋይበርም ያው ነው፤ ቀድሞ ካልተነሣ ይበጠሳል፣ ባንኩ ኔትወርክ የለም ይላል፣ ሁሉም በሁሉም ላይ ጣት ይቀስራል።

ቅደም ተከተሉ ከጥልቁ ወደ ላይ ነው፦ መጀመሪያ የጎርፍ ማስወገጃው፣ ቀጥሎ የውሃ መስመሩ፣ ቀጥሎ ገመዱ፣ በመጨረሻ የመንገዱ አካል። በዚያው አንድ ነገር ማስገባት አይረሳ። በየ40 ሜትሩ ገደማ 110 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ ባዶውን መንገዱን አሻግሮ መቅበር፣ ጫፍና ጫፉን ደፍኖ ከርብ ድንጋዩ (የመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ) ላይ በቀለም ምልክት ማድረግ። ነገ ማዶ ያለው ቤት ውሃ ሲያስገባ አስፋልቱ ሳይቆረጥ ቧንቧው በዚያ ያልፋል። ይህ ስላልተደረገ ነው አዲስ መንገድ በተመረቀ በስድስት ወሩ እንደ ልብስ የሚጣፈው።

ካሳም በዚሁ ምድብ ነው። በ1161/2011 አዋጅ ካሳ ሳይከፈል ማንም ከይዞታው አይነሣም። አንዲት በረንዳ፣ አንድ የአጥር ግንብ ካሳው ስላልተከፈለ ብቻ 200 ሜትር ዲች ሊያስቆም ይችላል፤ ምክንያቱም ዲች ከታች ወደ ላይ ይሠራል፣ መሀሉን ዘሎ ቢሄድ ውሃው መውጫ የለውም። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰፈሩ «እገሌ አላስነሣም ብሎ ነው» እያለ ባለቤቱን ያማል። ካሳው መከፈሉን የጠየቀ ግን የለም።

አፈራችንም የራሱ ጠባይ አለው። ከደጀን እስከ ቢቸና፣ በሸበል በረንታም ጭምር ያለው ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በላዩ ላይ በቀጥታ ጠጠር ያለበሰ ሰው ገንዘቡን ቀበረ ማለት ነው። ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ሲብስ እስከ አንድ ሜትር ተጠርጎ ወጥቶ በሰሌክት መተካት አለበት፤ ሰሌክቱም ከ20 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ንብር እየተነጠፈ፣ ውሃ እየተረጨ፣ በሮለር እየተደመደመ፣ እያንዳንዱ ንብር የጥግግት ሙከራ አልፎ ነው። ቡሬና ፍኖተ ሰላም በኩል ቀዩ አፈር ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ተከፍቶ ከከረመ ይላቁጣል።

በግንቦት መጨረሻ የሚከፈት ቁፋሮ የሚያስፈራው ለዚህ ነው። የተፈጨው ጠጠር ተነጥፎ ፕራይም (ከአስፋልቱ በፊት የሚረጨው ቀጭን ሬንጅ) ሳይቀባ ዝናብ ካገኘው ደቃቁ ይታጠባል፣ መኪና ሲመላለስበት ጭቃው ከሥር ይወጣል። ምልክቱ በዓይን ይታያል፦ ግራጫ የነበረው ጠጠር ቡናማ ይሆናል። እንዲህ የሆነውን በጥቅምት ተመልሶ ጠርጎ አስፋልት ማልበስ አይበቃም፤ መታረስ፣ የተበላሸው መውጣት፣ እንደገና መደምደም አለበት። ፕራይሙ ራሱ ከተረጨ በኋላ ከ24 እስከ 48 ሰዓት መድረቅ ይፈልጋል። አስፋልቱ ደግሞ ከፋብሪካ በ150 ዲግሪ ገደማ ወጥቶ ሳይበርድ መነጠፍና መደምደም አለበት። ሰኔ 30 ከመድረሱ በፊት በጀት ለመዝጋት በዝናብ መሀል የሚነጠፍ ነገር ቢኖር፣ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ከሚለው በላይ የሚገልጸው የለም። ከግንቦት 15 በኋላ አዲስ ክፍል መክፈት መከልከል አለበት፤ የተከፈተውን መዝጋት ብቻ ነው የዚያ ወር ሥራ።

ወደ ገንዘቡ። ኮንትራክተሩ ቅድመ ክፍያ ይወስዳል፤ በመንግሥት ግዥ ጣሪያው ከውሉ ዋጋ 30 በመቶ ነው። ከዚያ በኋላ የሚከፈለው በሠራው ልክ ነው፦ ሥራው ይለካል፣ የልኬት ወረቀት ይዘጋጃል፣ አማካሪ መሐንዲሱ ይፈትሻል፣ የክፍያ ሰርተፍኬት ይወጣል፣ ፋይናንስ ይከፍላል። አነስተኛ ተቋራጭ የሁለትና የሦስት ሳምንት የናፍጣ ገንዘብ ነው ያለው። ክፍያው ሁለት ወር ከተኛ የተከራየው ግሬደር ወደ ሚከፍለው ይሄዳል፤ ለመመለስ ደግሞ ሎቤድ (ማሽን የሚጭን ተሳቢ) እና ሌላ ቅድመ ኪራይ ይጠየቃል።

ስለ መዘግየት ቅጣት ብዙ ይወራል። በብዙ የመንግሥት ውሎች ቅጣቱ በቀን ከሺህ አንድ ነው፣ ጣሪያውም 10 በመቶ። የ40 ሚሊዮን ብር ሥራ በቀን 40,000 ብር፣ ቢበዛ 4 ሚሊዮን ብር ማለት ነው። ሂሳቡን ጨርሱት፦ በመቶኛው ቀን ቅጣቱ ይሞላል። ከ101ኛው ቀን ጀምሮ መዘግየት ተጨማሪ ቅጣት የለውም፤ የቀረው ውል ማቋረጥ ነው። ውል ማቋረጥ ደግሞ እንደገና መለካት፣ እንደገና ጨረታ ማውጣት፣ ሌላ ዓመት ማለት ስለሆነ ኃላፊዎች ይፈሩታል። ያውም ቅጣቱ የሚቆጠረው ጥፋቱ የተቋራጩ ከሆነ ነው። ከተማው ምሰሶ ያልተነሣበት ሳይት ካስረከበ ተቋራጩ የጊዜ ማራዘሚያ ይጠይቃል፤ ይገባዋልም።

የብሩ ነገር ይጨመርበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ሬንጅ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ናፍጣም፣ የማሽን መለዋወጫም። ከዚያ በፊት የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ የሌለው ውል የፈረመ ተቋራጭ ቢሠራ ይከስራል፣ ቢቆም ቅጣት ይከፍላል፤ ብዙ ጊዜ ቅጣቱ ይረክሳል። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭትም መንገድ ዘግቷል፣ ነዳጅ አስወድዷል። ይህ እውነተኛ ምክንያት ነው። ታኅሣሥ ላይ መጻፍ የነበረበት ደብዳቤ ሚያዝያ ላይ መጻፉን ግን አያስረዳም።

ስለ ኮብልስቶን ጥቂት ልበል፤ እዚህ የነዋሪው ገንዘብ በቀጥታ አለበት። የተለመደው አሠራር ሰፈሩ መዋጮውን ባንክ ያስገባል፣ ከተማው የራሱን ይጨምራል። የሚበላሸው የመጨረሻው አባወራ እስኪከፍል ሲጠበቅ ነው፤ በዚያ መሀል የጥርብ ድንጋዩ ዋጋ ይወጣል፣ የተሰበሰበው አይበቃም፣ እንደገና መዋጮ ይጠራል። የከፈለውን መስመር ብቻ ነጥሎ ማስጀመር ይሻላል። 10 በ10 የተጠረበ ድንጋይ በካሬ ሜትር ከ85 እስከ 90 ፍሬ ይገባል፤ ሲራገፍ ቆጥራችሁ ተረከቡ። መጀመሪያ ዲቹ፣ ቀጥሎ ከጀርባው ኮንክሪት የተደገፈ ከርብ፣ ከዚያ 20 ሴንቲ ሜትር የተደመደመ ሰሌክት፣ በላዩ 5 ሴንቲ ሜትር ንጹሕ አሸዋ። አሸዋው አፈር ከተቀላቀለበት በመጀመሪያው ክረምት ድንጋዩ ይሰምጣል። ከመሀል ወደ ጠርዝ በየሜትሩ 3 ሴንቲ ሜትር ማዘቅዘቅ አለበት።

 

በስብሰባ «መቼ ያልቃል?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ መልሱ ሁልጊዜ «በቅርቡ» ነው። የሚጠየቀው ሌላ ነው። ሳይት ርክክቡ የተፈረመው በየትኛው ቀን ነው? የውሉ ጊዜ ስንት ቀን ነው? የምሰሶውና የቧንቧው ማንሻ ተከፍሏል? ደረሰኙ የታለ? ስንት ካሳ ቀርቷል? የመጨረሻው የክፍያ ሰርተፍኬት መቼ ቀረበ፣ መቼ ተከፈለ? በአንድ ጊዜ ከ200 ሜትር በላይ እንዳይከፈት በውሉ ተጽፏል? ይህን በእድሩ ማኅተም በጽሑፍ አስገቡና ገቢ የሆነበትን ቁጥር ያዙ። በ590/2000 አዋጅ መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ዝም ካሉ ወደ ከተማው ምክር ቤት፤ ከዚያ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ ወዳለው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይኬዳል።

ሥራው አልቆ ጊዜያዊ ርክክብ ሲደረግም ነገሩ አላበቃም። ብዙውን ጊዜ የ12 ወር የዋስትና ጊዜ አለ፤ ከተቋራጩ ክፍያ የተያዘው መያዣ ሙሉ በሙሉ የሚለቀቀው ከዚያ በኋላ በሚደረገው የመጨረሻ ርክክብ ነው። በዚያ ዓመት የሚገባውን ክረምት ተጠቀሙበት። ዝናብ ካባራ ከሁለት ሰዓት በኋላ ውሃ ያቆረበትን ቦታ ፎቶ አንሡ። ሁለት ሜትር ቀጥ ያለ ጣውላ አጋድማችሁ ከሥሩ ያለውን ክፍተት ለኩ። የዲች ክዳን ሲረገጥ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ቁጠሩት፤ የቤት ቁጥር እየጠቀሳችሁ መዝግቡት። ዝርዝሩን ከነፎቶው ከ12ኛው ወር በፊት ለማዘጋጃ ቤቱም ለአማካሪ መሐንዲሱም አስገቡ፤ መያዣው ከተለቀቀ በኋላ ጥገናው ከከተማው በጀት ነው የሚወጣው።