«ፖዘቲቭ» ማለትን የተውኩበት ምክንያት

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ ክፍል በነርስነት ስሠራ ከሁሉ በላይ ያሳሰቡኝ፣ ለምርመራ የማይመጡት ሳይሆኑ፣ ተመርምረው ለውጥ ከተገኘባቸው በኋላ የሚቀሩት እናቶች ናቸው። ለውጡን በቅዝቃዜ የምናክምበት መሣሪያ ጋዝ ሲኖረው በዚያው ቀን አክመን እንሸኛለን፤ ጋዙ ባለቀ ቀን ግን ቀጠሮ እንሰጣለን፣ ከተቀጠሩትም ብዙዎቹ አይመለሱም። ለረጅም ጊዜ ግዴለሽነት መስሎኝ በልቤ ስወቅሳቸው ኖሬ፣ ስህተቱ የእኔ እንደነበር ያወቅሁት መዝገቡን ይዤ መደወል ስጀምር ነው።

ጉሊት የሚቸረችሩ አንዲት እናት «ሲስተር ልጄ፣ ፖዘቲቭ ነዎት ስትይኝ ያ በሽታ መስሎኝ ነው፤ ለባለቤቴ ምን ብዬ ልንገረው?» አሉኝ። «ለውጥ ተገኝቷል» ለማለት በየቀኑ የምናገረው ይህ ቃል ለሰሚዎቼ ከኤች አይ ቪ ሌላ ትርጉም እንደሌለው አላስተዋልኩም ነበር። እንጀራ ጋግራ ልጇን የምታሳድግ ወጣት ደግሞ «ማህፀኔ ብርድ ከገባበት ሁለተኛ አልወልድም» ብላ ነበር የቀረችው፤ ሳላብራራላት «በቅዝቃዜ እናክምሻለን» ያልኳት እኔ ነኝ። ነቀርሳ ከነኩት ይቆጣል የሚሉ፣ ጠበል የጀመሩ፣ ምንም ስላላመማቸው ጤነኛ ነን ብለው ያሰቡም ነበሩ።

አሁን በወረቀት ላይ ክብ እስልና «ይህ የማህፀንዎ በር ነው» እላለሁ። «እንደ አቼቶ ያለ ፈሳሽ በጥጥ ቀብተን 1 ደቂቃ ስንጠብቅ እዚህ ጋ ነጣ ብሎ ታየን። ይህ ካንሰር ሆኗል ማለት አይደለም፤ ዝም ከተባለ ግን ከዓመታት በኋላ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል።» ቅዝቃዜው በበሩ ላይ ብቻ 3 ደቂቃ እንደሚያርፍ፣ ከ5 ደቂቃ ዕረፍት በኋላ ለ3 ደቂቃ እንደሚደገም በጣቴ እያሳየሁ አስረዳለሁ። ጠበሉን ተዉ አልልም፤ ሁለቱንም ይያዙ ነው የምለው።

ከባዱ ከሕክምናው በኋላ ለ4 ሳምንታት ከግንኙነት መታቀብ የሚለው ምክር ነው፤ ባል ካልተረዳ ሚስት ሕክምናውን ራሱን ትሸሻለች። ፈቃዷ ከሆነ አብሯት ሲመጣ ለሁለቱም እነግራለሁ፤ ያለ ፈቃዷ ግን ፈጽሞ አልናገርም። ይህን የተማርኩት በሚያሳዝን መንገድ ነው፦ አንድ ቀን ስደውል ስልኩን ያነሳው ባልየው ነበር፣ ከየትኛው ክፍል እንደምደውል ነገርኩት፣ ሴትየዋም ከዚያ በኋላ አልመጣችም። እስከ ዛሬ ድረስ ስሟን መዝገቡ ላይ ባየሁ ቁጥር ያመኛል። አሁን ስንመዘግብ ማን ስልኩን ሊያነሳ እንደሚችልና ምን ማለት እንደምችል አስቀድሜ እጠይቃለሁ።

ቀጠሮ ስሰጥም «ገበያ የሚቀዘቅዝብዎ ቀን የትኛው ነው?» እላለሁ፤ ለዕለት ጉርሷ ለምትሮጥ ሴት አንድ ቀን መቅረት የልጆቿ ራት ነውና። ጉሊት የሚቸረችሩት እናት ማክሰኞን መረጡ፣ ጎረቤታቸውንም ለምርመራ አስከትለው መጡ።