ኮንሶ፣ ዝናብ ባደረ ማግስት

ሌሊቱን እንቅልፍ የሚባል አልነካኝም። የኮንሶ ከተማ ካራት ውስጥ ያደርኩበት አልጋ ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ዝናቡ ሲወርድበት ያድራል። ጠዋት ሂሳብ ስከፍል ማታ ከተስማማነው ላይ 100 ብር ተጨምሮ ጠበቀኝ። "የሻወር ነው" አሉኝ። ቧንቧው እኮ ጠብታ አልነበረውም! ከፍዬ ተናድጄ ወጣሁ።

ከአርባ ምንጭ የመጣሁበትን መንገድ እዘለዋለሁ። የመጣሁት ለእርከኖቹ ነው።

ከአስጎብኚዬ ጋር ከከተማ ወጣ ስንል የመንገዱ ዳር ቦይ ድፍርስ ቀይ ጎርፍ ይዞ ይጋልባል። እርከኖቹ ጋ ስንደርስ ግን ከካቡ ሥር የሚንጠባጠበው ውሃ ጥርት ያለ ነው። በእፍኜ ይዤ አየሁት። ያው የሌሊቱ ዝናብ ነው።

ጠብታው ራቁት መሬት ላይ ሲያርፍ አፈሩን ይፈረካክሰዋል፣ ደቃቁ የመሬቱን ቀዳዳ ይደፍነዋል፣ መስረጊያ ያጣው ውሃም ቁልቁል ይሄዳል፤ ቁልቁለቱ በረዘመ ቁጥር ጉልበቱ ይጨምራል፣ ይዞት የሚሄደው ደግሞ ፍግና ብስባሽ ያለበትን የላይኛውን ለም አፈር ነው። ኮንሶዎች ያንን ረጅም ቁልቁለት በድንጋይ ካብ ቆራርጠውታል። ውሃው ሩጫ ሳይጀምር ይቆምና ማሽላው ሥር ይሰርጋል። አንዳንዱ ካብ 5 ሜትር ይደርሳል። ዩኔስኮ በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህ ሥራ ከ400 ዓመት በላይ፣ 21 ትውልድ እየተቀባበለው የመጣ ነው።

አንድ አባት ሌሊት የተናደ ካብ ሲመልሱ አገኘናቸው። ድንጋዩን ያስቀምጣሉ፣ ከኋላው ጠጠር ይጠቀጥቃሉ፣ በመዳፋቸው ያነቃንቁታል። ከተነቃነቀ እንደገና ያነሱታል።

"አባባ፣ ጭቃው እስኪደርቅ ቢቆዩስ?" አልኳቸው። አስጎብኚዬ ተረጎመልኝ።

"ዛሬ ማታ ከዘነበ በዚህች ቀዳዳ ይገባና የታችኛውንም ይንደዋል። ከዚያ የጎረቤቴን" አሉ። ቀጥለው አንድ ድንጋይ አቀበሉኝና ቦታ ለቀቁልኝ። ሦስቴ አስቀምጬ ሦስቴ አስነሱኝ። በአራተኛው ነካ አደረጉትና ዝም አሉ። ደስታዬን አልችለውም!

እኛ ጎጃም፣ አባቴ ማሳ ጥግ ያለውን ቦረቦር ልጅ ሆኜ በአንድ ዝላይ ነበር የምሻገረው። አሁን በሬ ይውጣል። በየክረምቱ ቆመን አየነው እንጂ አንዳችንም ድንጋይ አላኖርንበትም። ይህ ከኮንሶ ወዲህ እንቅልፍ ነስቶኛል።

መኪና ስጠብቅ ለወንድሜ ደወልኩ።

"ቦረቦሩ የት ደረሰ?"

"ግራሩ ጋ" አለኝ።

ግራሩ ያለው የማሳው መሃል ነው።