ሦስቴ የፈታኋት ካርቡሬተር

የጀልባዬ ሞተር ክረምቱን ሙሉ በሸራ ተጠቅልላ ከረመች። 15 የፈረስ ጉልበት ያላት፣ ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ የሚገባላት ዓይነት ናት። ለመስቀል ሰሞን ከባሕር ዳር ጣናን አቋርጦ ወደ ዘጌ የሚሻገር ሰው ሲበዛ አወጣኋትና ገመዱን ሳብኩ። ቾኩን ስስበው ትነሳለች፣ ስመልሰው ትጠፋለች። ቱቦው ላይ ያለችውን የጎማ ፓምፕ በእጄ እየጨመቅኩ ስይዛት ትንሽ ትሄዳለች፤ ከዚያ እህህ ብላ ቀጥ።

እኔም እንደ ማንም ሰው መጀመሪያ ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የምትለኩሰውን ካንዴላ ቀየርኩ። ብር ከሰርኩ እንጂ ምንም አልተለወጠም። ቁጭ ብዬ ባስብ ኖሮ ራሷ ነግራኝ ነበር። ቾክ አየሩን አፍኖ ቤንዚኑን የሚያበዛ ነገር ነው። ቾክ ሲሳብ ብቻ የምትሠራ ሞተር «ቤንዚን አነሰኝ» እያለች ነው።

ቤንዚኑን ከአየር ጋር የምትቀላቅለውን ካርቡሬተሯን ፈታሁ። ከሥር ያለችውን የቤንዚን ማቆሪያ ኩባያ በካቻቢቴ ስከፍታት የደረቀ ማር የመሰለ ቡናማ ሙጫ ግድግዳዋ ላይ ተጋግሯል። ሽታው ቤንዚን አይባልም፣ ያረጀ ቀለም ነው የሚሸተው። ወለሉ ላይ ደግሞ ውሃ እንደ ዶቃ ይንከባለላል። ቤንዚን የጠፋ ጊዜ መንገድ ዳር በሃይላንድ የገዛሁት ትዝ አለኝ። ሻጩን ብረግመውም፣ ያን ቤንዚን ክረምቱን ሙሉ ውስጧ ትቼ የሄድኩት እኔ ነኝ።

ትልቁን ጥፋት የሠራሁት ግን ከዚህ በኋላ ነው። ዋናው ጄት፣ ቤንዚኑ የሚያልፍበት ያ ትንሽ የነሐስ ቀዳዳ፣ ተደፍኗል። ቀጭን ሽቦ አመጣሁና ወጋሁት። ተከፈተ! ደስ አለኝ። ሞተሯም ተነሳች። ግን ጭሷ ጥቁር ሆነ፣ ካንዴላዋ በጥላሸት ረጠበ፣ ቤንዚኑን ትጠጣው ጀመር። ለካ ቀዳዳው በልክ የተበሳ ነው፤ ሽቦው ጭሮ አስፍቶታል። ፋብሪካው ደግሞ ጄቱን የሚለካው ለእውነተኛው ባሕር ዳር ነው። የኛዋ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላለች፤ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ያው ጄት እዚህ መጀመሪያውንም ቤንዚን ያበዛል። እኔ አሰፋሁበት።

አዲስ ጄት ገዝቼ ወደቡ አጠገብ ወዳሉ አንድ አንጋፋ መካኒክ ሄድኩ። አሮጌውን ጄት ወደ ፀሐይ አንስተው በአንድ ዓይናቸው አዩትና፣

«ሽቦ ከተህበታል አይደል?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«ጣና ዳር እየኖርክ የመረብ ናይለን አጣህ?»

ሁለተኛውን ማጽዳት እሳቸው እያዩኝ ሠራሁት። ጎማ የሆነውን ሁሉ አስቀድሜ አወጣሁ፣ የማጽጃ ኬሚካሉ ያሳብጠዋልና። ብረቱን ዘፈዘፍኩ፣ ቀዳዳዎቹን በናይለን አለፍኩ፣ ከዚያ ጎሚስታው ጋ ሄጄ በየቀዳዳው አየር አስነፋሁ። ኩባያዋ ውስጥ የቤንዚኑን ከፍታ የምትጠብቀውን ተንሳፋፊ ጆሮዬ ሥር አድርጌ ነቀነቅኩ። ውስጧ ቤንዚን ቢንቦጫረቅ ኖሮ ተበስታለች ማለት ነበር። ቤንዚኑን የምትዘጋው መርፌ ጫፏ ላይ ቀለበት የመሰለ ጭረት ስለነበራት ከነጋስኬቱ በአዲስ ተቀየረች። ሞተሯ ቀስ ብላ ስትሠራ ድብልቁን የምታስተካክለውን የሚኒሞ ብሎን ግን በመጀመሪያው ቀን ስንት ዙር እንደነበረች ሳልቆጥር ነቅያት ነበር። ቀስ አድርገን እስከ መጨረሻው አስገባናት፣ አንድ ዙር ተኩል መለስናት፣ የቀረውን ሞተሯ ከሞቀች በኋላ በጆሮ አስተካከልን። አሁን ከመፍታቴ በፊት ዙሩን ቆጥሬ እጽፋለሁ፤ እያንዳንዱንም ነገር በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ።

የሞከርናት ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ ነው። በደረቁ ማስነሳት አይሆንም፤ ማቀዝቀዣውን ውሃ የሚስበው የጎማ መዘውር ወዲያው ይቃጠላል። ከጎኗ ያ ቀጭን ውሃ ፊጭ ሲል እፎይ አልኩ።

ሳምንት አልሞላም። ዘጌ ለመድረስ ትንሽ ሲቀረኝ ያው እህህ መጣ። ደግነቱ ተሳፋሪ አልነበረኝም። እየቀዘፍኩ ገባሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ስፈታት ሙጫ የለም፣ ውሃም የለም፤ ጥቃቅን ጥቁር ብናኝ ብቻ። በዚህ ጊዜ ነው ቤንዚኑ ከየት እንደሚመጣ ወደ ኋላ መከተል የጀመርኩት። ከታንኩ የሚመጣውን ቱቦ ቆርጬ ነጭ ጨርቅ ላይ አራገፍኩት፤ ጨርቁ በርበሬ የተነሰነሰበት መሰለ፣ ጥቁር በርበሬ። ቱቦው ከውስጥ እየተላጠ ነበር። እኔ ታች ሳጸዳ እሱ ከላይ ይልክልኛል። ቱቦውን፣ የጎማ ፓምፗንና ፊልትሮውን ቀየርኩ። ካርቡሬተሯን ከዚያ ወዲህ አልነካኋትም።

በቀደም ደግሞ ዝናቡ ሳይገባ፣ ወደ ሸራዋ ከመመለሷ በፊት፣ ቱቦውን ነቅዬ ውስጧ ያለውን ቤንዚን ጨርሳ እስክትጠፋ አስኬድኳት። ከዚያ የማፍሰሻዋን ብሎን ከፍቼ የቀረችውን ጠብታ በቡና ስኒ ተቀበልኩ። እናቴ ስኒውን እስካሁን እየፈለገች ነው።