ሳክስፎን ሲያቅራራ

መጋቢት 26፣ ማታ

ዛሬም ጎረቤቴ ግድግዳውን ደበደበ። ሦስት ጊዜ፣ በቡጢ። ሳክስፎኑን ከአንገቴ አውልቄ አልጋው ላይ አጋደምኩት። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ምስጢር አይጠብቅም፤ የእሱን ሬዲዮ እኔ እሰማለሁ፣ የእኔን ስህተት እሱ ይሰማል። አይፈረድበትም። አንዲት የሙዚቃ ሐረግ ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ያውም ሳትችላት፣ የምትደጋግም ሰው አጠገቤ ብትኖር እኔም እደበድብ ነበር።

ሐረጓ የሳክስፎን ተጫዋቹ የጌታቸው መኩሪያ ናት። ሽለላውን ሲጀምር፣ ባንዱ ከኋላ ያችኑ አንድ ነገር እየደጋገመ ሲጠብቀው፣ እሱ ብቻውን ወጥቶ የሚላት። በጆሮዬ እንደቆጠርኩት፣ መንቀጥቀጡና ጌጣጌጡ ካልተቆጠረ፣ ስድስት ኖታ ናት። ስድስት! ለቢሮ ሒሳብ ስሠራ ስድስት አሃዝ ቀልቤን እንኳ አይዘውም።

ስልኬን አንስቼ ቀኑን ሳይ ነው ትዝ ያለኝ። ጌታቸው ያረፈው መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው፤ 81 ዓመቱ ነበር። አስቤበት አይደለም ዛሬ እሱን የያዝኩት። ግን እንቅልፌን ወሰደው፤ ስለዚህ ልጻፍ።

ባለፈው ቅዳሜ አስተማሪዬ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝና፣ «ኖታው ልክ ነው» አለ። ደስ ሊለኝ ሲል ቀጠለ፤ «ግን ምን እያልሽ ነው?»

«ምን እያልሽ ነው ማለት?»

«ሰውየው እኮ እየተናገረ ነው። አንቺ ድምፅ ነው የምታወጪው።»

ጋሼ እንዲህ ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ጥሎብኝ ሪዱን፣ የሳክስፎኑን የሸምበቆ ምላስ፣ በጨርቅ እየጠረገ ወደ ሌላ ወሬ ይሄዳል። ሳምንቱን ሙሉ ስብሰለሰል የምከርመው እኔ ነኝ።

ስለ ጌታቸው የማውቀውን ሰብሰብ ሳደርገው፣ መልሱ ሕይወቱ ውስጥ እንደነበር አሁን ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ1935 ይፋት ነው የተወለደው። መጀመሪያ የያዘው ሳክስፎን አይደለም፤ ክራርና ማሲንቆ ነው። ማሲንቆ ደግሞ የታወቀ ነው፤ አዝማሪው የሚለውን ይከተላል፣ ቃሉን ይቀበለዋል፣ አንዳንዴም ቀድሞት ይደርሳል። ማሲንቆ ሲመታ የኖረ ጆሮ ዜማን ከቃል ለይቶ አይሰማም። ከዚያ ነው ወደ ክላሪኔትና ወደ ሳክስፎን የተሻገረው። በ14 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1949፣ አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገባ። በ14 ዓመቴ እኔ ምን እሠራ እንደነበር ባልጽፍ ይሻላል።

ሳክስፎን ራሱ ለምን እንደተሠራ ሳስብ ይገርመኛል። አዶልፍ ሳክስ የሚባለው የቤልጂየም ሰው እ.ኤ.አ. በ1846 የፈጠራ መብቱን ሲያስመዘግብ በሐሳቡ የነበረው የጦር ሠራዊት የሙዚቃ ጓድ ነበር፤ ሜዳ ላይ ርቆ የሚሰማ ድምፅ ፈልጎ ነው። ወደ እኛም አገር እንዲህ ያለው የነፋስ መሣሪያ የመጣው በሰልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ እነዚያ «አርባ ልጆች» የሚባሉት፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን አስተማሪነት የቤተ መንግሥት ማርሽ ባንድ ሆኑ። ከዚያ በኋላ የመጡት የክብር ዘበኛው፣ የጦሩ፣ የፖሊሱ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ባንዶች ሁሉ በዚያው መንገድ ነው የሄዱት፤ ዩኒፎርም፣ ኖታ፣ ማርሽ። ጌታቸው ያደረገው እንግዲህ ይህን ነው፤ ለጦር ሜዳ የተሠራውን የፈረንጅ መሣሪያ ይዞ የራሳችንን የጦር ሜዳ ቃል አናገረው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሽለላን በሳክስፎን ሲጫወት ገና ወጣት ነበር።

ሽለላ፣ ቀረርቶ፣ ፉከራ። ሦስቱን አምታትቼ ነው ያደግኩት፤ የሚያርመኝም አልነበረም። አሁን እንደገባኝ ሽለላው ይዘፈናል፣ ምት አለው፣ ሰውን ያነሳሳል። ቀረርቶው ምት የለውም፤ ድምፅን እየጎተቱ፣ እያንቀጠቀጡ፣ ተራራ ለተራራ የሚጠራሩ ይመስላል። ፉከራው ጩኸት ነው፤ ዘራፍ ብሎ ተነስቶ ዘር መቁጠር፣ ጀብዱ መቁጠር። የጌታቸው ሳክስፎን በአንድ ሙዚቃ ውስጥ ሦስቱንም ያደርጋል። ከታች ባንዱ ምቱን ይዞ ይሄዳል፣ እሱ ከላይ ምት እንደሌለው ሰው ይንገላወዳል፤ ትንፋሹ ሊያልቅ ሲል ጉሮሮውን ሰንጥቆ ይጮኻል። ትልቁ ቴነር ሳክስፎን ባይሆን ኖሮ ያ ሻካራ ድምፅ አይወጣም ነበር ይላል ጋሼ።

ይህ ሁሉ ግን ሐረጓን አልፈታልኝም።

የፈታት አባዬ ነው፤ ትናንት። ሳይፈልግ።

አባዬ ጡረታ ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነው፣ የይፋት ሰው ነው፣ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። አንድ ጆሮው በሞተር ድምፅ ደንዝዟል። ሳክስፎኔን «ጡሩንባሽ» ነው የሚለው፤ «ያ ጡሩንባሽ ባል ያመጣልሻል?» ይላል። ትናንት ሊጠይቀኝ መጥቶ ቡና እያፈላሁለት ሙዚቃውን ከፈትኩ፤ ለእሱ ብዬ አይደለም፣ ሥራ ስሠራ መስማት ስለለመደብኝ ነው። ሽለላው ሲመጣ ሲኒውን ረከቦቱ ላይ መለሰ። ደህና በሆነው ጆሮው ወደ ድምፅ ማጉያው ዞረ። ሳክስፎኑ ያችን ሐረግ ብሎ ትንፋሽ ሲወስድ፣ አባዬ ከተቀመጠበት ተነሳ፤

«ማነው የለም ያለው!»

ጀበናውን ልጥለው ነበር። አባቴን ዕድሜዬን ሙሉ ሲቆጣ ሰምቻለሁ፣ ሲስቅ ሰምቻለሁ፤ ያንን ድምፅ ግን ሰምቼው አላውቅም። ከሆዱ ነው የመጣው። ቀጥሎ የአያቱን ስም ጠራ፣ እኔ ሰምቼው የማላውቀውን ስም፣ የፈረሱን ስም ጨምሮ፣ አንድ ወንዝ ጠራ፣ ከዚያ ሳክስፎኑ ሲመለስ ዝም ብሎ ጠበቀው። ሳክስፎኑ ሲያቆም እንደገና ገባ። እንዲህ እየተቀባበሉ ጨረሱት፤ አንዱ በይፋት አማርኛ፣ አንዱ በነሐስ፣ እሱም ቢሆን የይፋት ልጅ።

ሲያልቅ አፍሮ ተቀመጠ። ቡናው ቀዝቅዞ ነበር።

«አባዬ፣ ምን እያልክ ነበር?»

«እሱ የጀመረውን ነው እኮ የጨረስኩለት።»

«ቃል የለውም እኮ፤ ሳክስፎን ነው።»

እንደ ደደብ አየኝ። «እንዴት የለውም? ደግሞ ሁለተኛውን ቡና አታመጪም?»

ከዚህ ወዲህ ስለ ጌታቸው በውጭ አገር የተጻፈውን ሳነብ ቅር ይለኛል። ከአሜሪካኖቹ ሳክስፎን ተጫዋቾች ከኦርኔት ኮልማንና ከአልበርት አይለር ጋር ያወዳድሩታል፤ ፍሪ ጃዝ የሚሉትን፣ ከሕግ የወጣውን ጃዝ፣ ሳያውቀው ቀድሞ የጀመረ ነው ይላሉ። ማወዳደሩ ክፋት የለውም፤ ኦርኔት ኮልማን የመጀመሪያ ሸክላውን ያስቀረጸው እ.ኤ.አ. በ1958 ስለሆነ፣ ጌታቸው ከማንም አልቀዳም ለማለትም ይጠቅማል። ነገር ግን «ፍሪ» የምትለዋ ቃል ትኮሰኩሰኛለች። ጌታቸው ከምኑ ነው ነጻ የወጣው? ፎካሪ እኮ የመጣለትን አይናገርም። የወል ቤት የሚባለው የግጥም ምጣኔ ስድስት ስድስት ቀለም አለው፣ ቤት መምታት አለበት፣ አባት መጥራት አለበት፣ የት መጮኽና የት መተንፈስ እንዳለበት የታወቀ ነው። ቃሉን ለማይሰማ ሰው ብቻ ነው ዝም ብሎ መጮኽ የሚመስለው። ይህን ስል እኔም እስከ ትናንት ከማይሰሙት አንዷ ነበርኩ።

ጃዝ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ክርክር ለሚወዱት ትቼዋለሁ። ጋሼ አንድ ጊዜ ስጠይቀው «ደሞዙን የሚከፍለው ቴአትር ቤቱ ነበር፣ ጃዝ አልነበረም» ብሎ ዘጋኝ። እውነቱን ነው። ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ1955 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ፣ ኦርኬስትራ ውስጥ ገባ፤ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ሙዚቃ ያቀናብርበት የነበረ ቤት ነው። አሥር ዓመት ቆይቶ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተዛወረ። የመንግሥት ሠራተኛ ነበር ማለት ነው፤ እንደኔ። መድረክ ላይ ግን ጎፈር ደፍቶ፣ ካባ ደርቦ ይወጣ ነበር። ፎቶው አለ፤ የአንበሳ ጎፈር ግንባሩ ላይ ተበትኖ፣ ከሥሩ ያ የሚያብለጨልጭ ሳክስፎን። መጀመሪያ ሳየው ስቄ ነበር። ጎፈር ድሮ ጀብዱ የሠራ ሰው ነው የሚደፋው፤ ዝም ብሎ ከገበያ ተገዝቶ አይደፋም። ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ያለው የቀራጺው የሞሪስ ካልካ የድንጋይ አንበሳም የተተከለው በዚያው በ1955 ነው። በየቀኑ በታክሲ አልፈዋለሁ፤ ከትናንት ወዲህ ሳልፈው ያ ፎቶ ነው ፊቴ ላይ የሚመጣው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታቱ ናቸው ደግሞ እኔን የሚያስቀኑኝ። ፈረንሳዊው አሳታሚ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ድሮ በፊሊፕስ ሸክላ አሳታሚ የታተመውን ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2003 ኢትዮፒክስ የሚባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ አልበሞች ተከታታይ 14ኛ አድርጎ አወጣው፤ «የኢትዮጵያ ሳክስ ንጉሥ» ተባለ። በዓመቱ፣ በ2004፣ ዘ ኤክስ የሚባሉ የኔዘርላንድ ፓንክ ሙዚቀኞች 25ኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ አምስተርዳም ጠሩት። ወደ 70 የሚጠጋ ሽማግሌ፣ ጊታራቸውን በብረት ከሚፋትጉ ፈረንጆች ጋር! ሌላ ሰው ቢሆን እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ይወጣ ነበር። እሱ ግን ቀጣዩን አልበሜን እናንተ አጅቡኝ አላቸው። ለምን እንደወደዳቸው ያኔ አይገባኝም ነበር። አሁን ሳስበው ጩኸት አልሰማባቸውም፤ የሚያቅራራ ሰው ከኋላው የሚፈልገውን ግርግር ነው የሰማባቸው። «ሞዓ አንበሳ» በ2006 ወጣ፣ «የአንበሳው ትዝታ» በ2012። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ሁለተኛው ላይ ትንፋሹን ቆጥቦ ሲጫወት እሰማዋለሁ፣ ያንን መስማት ያስጨንቀኛል። ፓሪስ ውስጥ ደግሞ በአንዱ ሙዚቃው ስም «አካሌ ውቤ» የተባለ የፈረንሳዮች ባንድ ተመሥርቷል። ስማቸውን ሲጠሩት ምን ማለት እንደሆነ ያውቁት ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ደግ ነኝ ብዬ እንዳላወራ፣ እኔም ስንቱን ሳላውቅ ነፍቻለሁ።

እንግዲህ ዛሬ ማታ፣ ጎረቤቴ ከደበደበ በኋላ፣ አባዬ ዘንድ ደወልኩ።

«ያቺን ትናንት ያልካትን በላት እስቲ።»

«የቷን?»

«ማነው ምናምን የምትለዋን።»

«በስልክ? አብደሻል? እናትሽ ተኝታለች።»

«ቀስ ብለህ።»

ቀስ ብሎ አላት። በሹክሹክታ ፉከራ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ። ማ፣ ነው፣ የ፣ ለም፣ ያ፣ ለው። ጣቴን እያጠፍኩ ቆጠርኩ፤ ስድስት። ደግመህ በላት አልኩት፤ «የለም» የሚለው ላይ ረገጥ ያደርጋል፣ አራተኛዋ ላይ። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሁለተኛዋን ነበር የምጎትታት፤ ጋሼ በሰጠኝ ወረቀት ላይ ረጅሟ እሷ ስለሆነች። እውነትም ረጅም ናት፤ ግን የሚያርፍባት አይደለም፣ የሚንደረደርባት ናት።

ስልኩን ዘግቼ ልብስ ማስቀመጫ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። የክረምት ካፖርቶቼን ወደ ፊት ሳብኩ፣ የሳክስፎኑን ሰፊ አፍ በፎጣ ደፈንኩት፣ ጭንቅላቴን ካፖርቶቹ መሃል ከተትኩ። ላብ ላብ ይላል፣ የእሳት ራት መከላከያ ይሸታል። አራተኛዋን ረገጥኳት። አንድ ጊዜ ተሰንጥቃ ወጣች፣ ደገምኳት፣ ሰባተኛ ወይም ስምንተኛ ስሞክር ይመስለኛል የአባዬን ነገር የምትመስል አንዲት ወጣች። በፎጣው ውስጥም ቢሆን በደንብ ነው የጮኸችው።

ቆም ብዬ አዳመጥኩ። ግድግዳው ዝም ብሏል። ወይ ተኝቷል፣ ወይ ወጥቷል።